የሚያፈሰውን ጣሪያ ለልጆቹ ተዉላቸው

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ስለ ልጆች ፋንታሲ መጻሕፍት፣ አስማትና ሌላ ዓለም ስላለባቸው ታሪኮች ነው። ጸሐፊው የተነሡበት ጉዳይ በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው መሸሸጊያ ቤት ነው። ልጆች ከክፉ ነገር ሸሽተው የሚገቡበት፣ ከሰው የራቀ፣ በሩ የማይገጥም፣ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት። ይህ ቤት ከኛ የልጆች መጻሕፍት ይውጣ ይላሉ። ስድስት ምክንያት አቅርበዋል። ቤቱ ከፈረንጅ የተቀዳ ነው። ደራሲ ወላጆችን ከታሪኩ ለማስወጣት የሚጠቀምበት አቋራጭ ነው። ድህነትን ያሳምራል። የከተማ ልጅ ስለ ነገ እንጂ ስለ ፍርስራሽ ማንበብ የለበትም። ልጆችን ወደ አደገኛ ቦታ ይመራል። በመጨረሻም፣ መሸሽን ያስተምራል።

ጽሑፉ በቅንነት እንደተጻፈ ያስታውቃል። ስለ ልጆች መጻሕፍት ይህን ያህል ተጨንቆ የሚጽፍ ሰው መኖሩ ደስ ብሎኛል። ግን አልስማማም። የምስማማበት አንድ ነጥብ አለ፤ ስደርስበት እናገራለሁ።

እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ቅዳሜ ጠዋት በግቢያችን የጋራ ቤት፣ ሁላችንም ኮሚናል በምንለው ክፍል፣ ለሰፈሩ ልጆች ታሪክ አነባለሁ። አንዳንዱን ራሴ ነኝ የምጽፈው። የምመልሰውም እዚያ ያየሁትን ይዤ ነው።

ከመጀመሪያው ልነሣ። «ከፈረንጅ የተቀዳ ነው።»

ለዚህ ማስረጃ ያደረጉት ሲ. ኤስ. ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1950 ያሳተመውን መጽሐፍ ነው። አራት ልጆች በቁም ሳጥን በኩል አልፈው ናርኒያ የሚባል አገር የሚገቡበትን። ጸሐፊው ነገሩን «የሀብታም ልጆች የገጠር ሽርሽር» ብለውታል። ሽርሽር አይደለም። ልጆቹ ከለንደን ለምን እንደወጡ መጽሐፉ ገና ሲጀምር ይናገራል። ከአየር ድብደባ ሸሽተው ነው። የተላኩበት ቤት ከባቡር ጣቢያው 10 ማይል፣ ከፖስታ ቤቱ 2 ማይል ይርቃል። ይህንን ደራሲው ከሜዳ ተነሥቶ አልፈጠረውም። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ጀምሮ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ከብሪታንያ ከተሞች ወጥቷል። ብዙዎቹ ያለ እናት ያለ አባት የተላኩ ተማሪዎች ነበሩ። ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት ልብሳቸው ላይ ታስሮ ባቡር ተሳፈሩ። ሉዊስም ኦክስፎርድ በሚገኘው ቤቱ እንዲህ የመጡ ልጆችን ተቀብሏል።

እውነት ለመናገር የመጽሐፉ ቤት የፈረሰ አይደለም። ትልቅ አሮጌ ቤት ነው። ነገር ግን መሸሸጊያ ነው፣ ሩቅ ነው፣ የመጣውም ከጦርነት ነው። ታዲያ ይህ ለኛ ልጅ ባዕድ ነው? ከጦርነት ሸሽቶ ዘመድ ቤት የገባ ልጅ በዚህ አገር ስንት እንደሆነ ቤት ይቁጠረው።

ደግሞስ የራሳችንን ለምን እንረሳለን? የቆሎ ተማሪን አስቡት። ልጁ ከቤቱ ይወጣል። አንዳንዱ ለእናቱ እንኳ ሳይናገር ሌሊት ነው የሚጠፋው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ማንም ወደማያውቀው አገር ይሄዳል። ውሻ እየተከላከለ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የሚያድርባት ጎጆ ከሁለት ሦስት ልጅ በላይ አትይዝም። ዝናብ ያስገባል፣ ብርድ ያስገባል። የሚከድናትም፣ ስትዘም የሚያቃናትም ራሱ ተማሪው ነው። ቀን ደግሞ ቅኔ ይማራል። አንዱን ቃል ሁለት የሚያደርግ፣ ሰሙን ገልጦ ወርቁን የሚያወጣ ጥበብ። ሩቅ ቦታ፣ ያረጀ ጎጆ፣ ወላጅ የሌለው ልጅ፣ የተሰወረ ቃል። የፋንታሲ ደራሲ ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል?

ከኮሚናላችን ደጃፍ ቆሞ፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን፣ ወደ ደቡብ ያየ ሰው ዝቋላን ያያል። አናቱ ላይ ሐይቅ ያለው ተራራ ነው። በሐይቁ ዳር ገዳም አለ። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመው የሚሣሉት ጻድቅ፣ የዚያ ተራራ ጻድቅ ናቸው። እኔ ያደግሁት ደግሞ ኮተቤ ነው። ከኛ ሰፈር በላይ፣ የካ ኮረብታ ላይ፣ በባሕር ዛፍ መሃል፣ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አለ። መጀመሪያ ያየሁት በአስራ አንድ ዓመቴ ነው። ግድግዳው አለት፣ ከላይ ደግሞ ሰማይ። ዝናብ ያቆረው ውኃ ውስጡ ተኝቶ ነበር። ከጓደኞቼ ጋር ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምናወራው፤ ዝም በሉ ያለን ግን ማንም አልነበረም። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እዚያ ማን ይደበቃል? ከማን? ምን ይበላል? ታሪክ መጻፍ የጀመርኩት ያኔ ይመስለኛል። በጊዜው አንድም የፈረንጅ ፋንታሲ አላነበብኩም።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ደራሲው ሰንፎ ወላጆችን አስወጣ ስለሚለው።

አስትሪድ ሊንድግሬን የተባለችው ስዊድናዊት እ.ኤ.አ. በ1945 ፒፒ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ፈጠረች። ፒፒ የምትኖረው በአንዲት ትንሽ ከተማ ዳር፣ አረም በወረሰው ግቢ ውስጥ ባለ አሮጌ ቤት ነው። ከተማ ዳር መሆኑን ልብ በሉልኝ። እናቷ ሞታለች፣ መርከበኛው አባቷ ባሕር ላይ ጠፍቷል። አብረዋት ያሉት አንድ ጦጣና አንድ ፈረስ ናቸው። ታዲያ ደራሲዋ የወላጅን ነገር አድበስብሳ አለፈችው? በጭራሽ። ፖሊሶች ፒፒን ወደ ልጆች ማሳደጊያ ሊወስዱ ይመጣሉ። እሷ ደግሞ እኔ ልጅ ነኝ፣ ይህም ቤቴ ነው፣ ስለዚህ ይህ የልጆች ቤት ነው ብላ ትሞግታቸዋለች። የወላጅ አለመኖር እዚያ ታሪክ ውስጥ ዋናው ጥያቄ ነው። ሰነፍ ደራሲ ወላጆችን አስወጥቶ ይረሳቸዋል። ጎበዝ ደራሲ ባዶ ወንበራቸውን ያሳያል። ስንፍናው የቤቱ ጥፋት አይደለም።

እግረ መንገዳቸውን ሌላም ነገር ብለዋል። «ሞባይል ባለበት ዘመን ሩቅ ቦታ የሚባል የለም።» ጸሐፊው መሃል ከተማ ይኖራሉ ብዬ እገምታለሁ። እኛ ጋ ርቀት በኪሎ ሜትር አይለካም። በታክሲ ነው የሚለካው። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ቱሉ ዲምቱ ሌላ አገር ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ኔትወርኩም ተከትሎ ይጠፋል። ልጆቼ ይህንን በደንብ ያውቁታል። አንድ ታሪክ ውስጥ «የመጨረሻው ታክሲ ሄደ» ብዬ ሳነብ ክፍሉ ጸጥ ይላል። «ከሰባት ተራራ ማዶ» ስል ግን ማንም አይደነግጥም።

ከከተማ ዳር የተሻለ መሸሸጊያ እንደማይገኝ እያደር ነው የገባኝ። ከጥልቅ ጫካ ይልቅ ጭንቁ እዚህ ይበዛል። ማታ የከተማው መብራት ይታያል። አሳዳጁ እዚያ ነው፣ እናትም እዚያ ናት። ሁለቱንም ታያቸዋለህ እንጂ አትደርስባቸውም።

ሦስተኛው ነጥብ ብዙ ያሳሰበኝ ነው። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ፦ «ጎደሎ ቤት ውስጥ የሚኖር ልጅ መጽሐፍ ሲከፍትም ጎደሎ ቤት ነው የሚጠብቀው።»

ባለፈው ክረምት የሆነውን ልንገራችሁ። ያን ሰሞን የማነብላቸው ራሴ የጻፍኩትን ታሪክ ነበር። ሦስት እህትና ወንድሞች ጥላ ለቃሚ ከሚባል ፍጡር ይሸሻሉ። ይህ ፍጡር የሰው ጥላ መሬት ላይ ካየ ይለቅመዋል። ጥላው የተለቀመበት ሰው ስሙን ይረሳል። ልጆቹ ከየረር ተራራ ማዶ አንዲት ባዶ ቆርቆሮ ቤት አገኙ። ጣሪያዋ ግን ተበሳስቷል። ጨረቃ ስትወጣ በየቀዳዳው ብርሃን ይገባል። ብርሃን ካለ ጥላ አለ። እና ጨረቃዋ ሳትወጣ ቀዳዳውን ሁሉ መድፈን አለባቸው። እኔ የጻፍኩት፣ ልጆቹ ጨርቅ ቀደው ከውስጥ በኩል ወተፉት ብዬ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። አስር ዓመት ቢሆነው ነው። አባቱ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ በሚሠራ ሕንፃ ጥበቃ ነው። ቤተሰቡ እዚያው ግቢ ውስጥ በቆርቆሮ በተሠራች አንድ ክፍል ይኖራል። ሁለት ወር ሙሉ ሲመጣ አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም።

«ጋሼ፣ እንደዚያ አይደፈንም» አለኝ።

«እንዴት ነው ታዲያ?»

«ጨርቅ ውኃ ይጠጣል። ከጠጣ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ያንጠባጥባል። ከላይ ነው የሚደፈነው፤ በሬንጅ።»

«ሬንጅ ባይኖራቸውስ?»

ትንሽ አሰበ። «ሳሙና። ለአንድ ሌሊት ይይዛል።»

ከአራተኛ ፎቅ የምትመጣ ልጅ ዘወር አለችበት። «ነፋስ ቢመጣስ?»

«ቆርቆሮ ከመብረሩ በፊት ይጮሃል» አላት። መዳፉን ጠረጴዛው ላይ እያርገበገበ ድምፁን አሰማን። ልክ ቆርቆሮ ነው። «እንዲህ ሲል ድንጋይ ትጭኛለሽ። መሃሉ ላይ ግን አይደለም፤ ይጎብጣል። ሞራሌው ባለበት ላይ ነው።»

ሞራሌ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ልጅ አልነበረም። ተነሥቶ ወንበር ላይ ወጣና የኮሚናላችንን ጣሪያ እያሳየ አስረዳቸው። ቆርቆሮው የሚያርፍበት እንጨት ይህ ነው፣ ምስማሩ የሚመታው እዚህ ላይ ነው፣ ምስማሩ ጎማ ከሌለው የሚያፈሰው በዚያ በኩል ነው። ሌሎቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው ይሰማሉ። ግማሽ ሰዓት ሄደ። ንባቡ ቀረ። እኔ ቤቴ ገብቼ ያንን ምዕራፍ እንደገና ጻፍኩት፤ አሁን ከልጆቹ ታናሹ ሳሙና ይዞ ጣሪያ ላይ ይወጣል።

እስቲ ቤቱ ባለ ሦስት መኝታ፣ ሴራሚክ የተነጠፈበት፣ ምንም የማይጎድለው ቤት ቢሆን ኖሮ፣ ያ ልጅ ምን ይል ነበር? እንደ ሁልጊዜው ዝም ይል ነበር። ሙሉ ቤት ከልጅ የሚፈልገው ነገር የለም። አትንካ ይላል። አትሩጥ ይላል። ጫማህን አውልቅ ይላል። የፈረሰ ቤት ግን ና ያዝልኝ ይላል። በመሸሸጊያው ቤት ውስጥ ልጅ እንግዳ ሆኖ ገብቶ ባለቤት የሚሆነው ለዚህ ነው። አስማት ሳይማር በፊት አንድ ነገር ጠግኗል። በኋላ ጭራቁ ሲመጣ «ይህ ቤታችን ነው» ሲል አምነዋለሁ። ምክንያቱም ቀዳዳውን በእጁ ሲደፍን አይቼዋለሁ።

ድህነትን የሚያሳምር መጽሐፍ የለም አልልም። ዝናብ ጣሪያ ላይ ሲመታ እንደ ሙዚቃ ነው ብሎ የሚያልፍ መጽሐፍ አለ። ያ ደራሲ ዝናብ በሚያስገባ ቤት አድሮ አያውቅም። ጸሐፊው ይህንን ይቃወሙ፤ አብሬያቸው እቃወማለሁ። ጣሪያው ሲያፈስ ፍራሹ መርጠብ አለበት፣ ሰው መብረድ አለበት፣ አንድ ልጅ ተነሥቶ ድስት ሥሩ ማድረግ አለበት። በታሪኩ ውስጥ መፍረሱ እውነተኛ ችግር ከሆነ ድህነት አልተሞገሰም።

ስለ ነገይቱ ከተማ ብዙ አልልም። የሚበሩ መኪናዎችና የመስታወት ፎቆች ያሉበት የኛ ፋንታሲ ቢጻፍ የመጀመሪያው አንባቢ እኔ ነኝ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ያም ከተማ ቢሆን ዳር ይኖረዋል፤ ዳሩ ላይም ሰው ይኖራል።

የምስማማበት ነጥብ አደጋው ነው። ጸሐፊው ልጆች መጽሐፍ አንብበው ባዶ ቤትና ያላለቀ ሕንፃ ውስጥ ይገባሉ ብለው ይሰጋሉ። እኔም እሰጋለሁ። በከተማው ዳር ያለን ሰዎች ካባ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ድንጋይ ወጥቶ ሲያልቅ ጉድጓዱ ክፍቱን ይቀራል። ክረምት ላይ ውኃ ይሞላል። ከላይ ሲታይ ኩሬ ነው፣ ጠርዙ ግን ገደል ነው። ዋና የሚያምረው ልጅ ገብቶ የቀረበት አለ። ያላለቀ ሕንፃ ላይ ደግሞ የቆመ ፌሮ፣ ያልተከደነ የሊፍት ጉድጓድ አለ። ይህ ቀልድ አይደለም።

እኔም አጥፍቻለሁ። ከድሮ ታሪኮቼ በአንዱ ውስጥ ልጆች አሮጌ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ዘለው ወደ ሌላ ዓለም ይገባሉ። አንዲት እናት ቅዳሜ ካለቀ በኋላ ጠብቃኝ፣ «ጋሼ፣ የኔ ልጅ ያየውን ነው የሚያደርገው» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም። በማግስቱ ያንን ታሪክ ቀየርኩት። አሁን የሚገቡት በአንድ የዳቦ ቤት ጓዳ በኩል ነው። ከዚያ ወዲህ ለራሴ ያወጣሁት ደንብ አለ፤ ልጅ በእውነት ቢሞክረው የሚሞትበትን በር አልጽፍም።

ግን መፍትሔው ቤቱን ማጥፋት ነው? የኛ ልጆች የፈረሰ ቤት ያለበትን ቦታ ከመጽሐፍ አይማሩም። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በየቀኑ ያልፉበታል። ጥሩ ታሪክ እንዴት እንደሚገባበት ሊያሳያቸው ይችላል። መጀመሪያ የሚገባው ትልቅ ሰው ነው። ወለሉ በዱላ ይመታል። ምሰሶው ይነቀነቃል። ጉድጓድ ካለ ይከደናል። በጥላ ለቃሚው ታሪክ ውስጥ የልጆቹ ታላቅ እህት ገና ደጃፉ ላይ ሳሉ ይህንን ሁሉ ታደርጋለች። ልጆቼ በጣም የሚወዱት ገጽ እሱ ነው። ቤቱ ይውደቅ አይውደቅ አያውቁምና ትንፋሻቸውን ይዘው ነው የሚሰሙት።

የቀረው የመጨረሻው ነው። «መሸሽን ያስተምራል።»

አያቴ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩበት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀናት አዲስ አበባ ውስጥ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ሰው በየደጁ ተገደለ። ቤት ከነሰዉ ተቃጠለ። አያቴ ከእናቷና ከሁለት አክስቶቿ ጋር በሌሊት ወጥተው ወደ የካ ተራራ ሸሹ። የገቡት የከብት ጠባቂ በነበረች አሮጌ ሣር ጎጆ ውስጥ ነው። ጠባቂው የለም፣ ከብቱም የለም። ክዳኑ ግማሹ ተበልቷል።

አያቴ ይህንን እንደ ተረት ነበር የምትነግረን። «ተረት ተረት» ብላ ባትጀምርም እኛ ግን «የላም በረት» ልንል ምንም አይቀረን። ስለ ጣሊያን ብዙ አታወራም ነበር። ስለ ጎጆዋ ነበር የምታወራው። በሁለተኛው ሌሊት የበልግ ዝናብ መጣ። ውኃው ገባ። እናቷ በማግስቱ ጎጆዋን ዞር ዞር ብላ አየቻት። ክዳኑ ሣር ይፈልጋል፣ ምሰሶው ግን ትልቅ ሰው አይችልም። ጭስ እንዳይታይ እሳት አይነድም፣ ልብስ አይደርቅም። ሌላ ዝናብ ከመጣ ታናሽ አክስቷ ያቀፈችው ሕፃን አይተርፍም።

ስለዚህ አያቴን አወጧት። ከሁሉም ቀላሏ እሷ ነበረች። ከታች ሣሩን በነዶ በነዶ እያሰሩ ያቀብሏታል፣ እሷ በሆዷ ተኝታ ክዳኑ ውስጥ ትወትፋለች። እዚያ ላይ ሆና የከተማውን ጭስ ታይ ነበር። እናቷ ከታች ሆና፣ ወደዚያ አትይ፣ እጅሽን እይ ትላት ነበር አሉ።

አያቴ እዚህ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ሁለት እጆቿን ወደፊት ትዘረጋና፣ ጣቶቿን አጥፋ የማይታየውን ሣር ጫን ጫን ታደርጋለች። «እንዲህ» ትለናለች፤ «ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ነው የሚገባው። አለበለዚያ ውኃው መንገድ ያገኛል።»